መሐሉን ያገኘ ቀዳዳ

ልጅ የሠራውን የእንጨት ጋሪ መመርመር የሚፈልግ ሰው ከመንኮራኩሩ ቀዳዳ ይጀምር። ጣውላው ሸካራ ቢሆን፣ ሚስማሩ ቢጣመም፣ የመጎተቻው ገመድ በሦስት ቦታ ቢቀጠል ጋሪው ከመሄድ አይቀርም። ቀዳዳው ከመሐል የአንዲት ጣት ስፋት ከሸሸ ግን መንኮራኩሩ በየዙሩ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ የተቀመጠውን ልጅ ያንገጫግጨዋል፤ ቁልቁለቱ ሳያልቅም ይቆማል። የሥራው ጥራት የሚለካው ዘንጉ ሲገባ ከዓይን በሚሰወረው በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

በሀዲያ ዞን፣ የሚሻ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሞርሲቶና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ የልጅ መጫወቻ በአብዛኛው ከጓሮ ይገኛል። ትንሹ የሸበጥ ቁራጭ በክብ ቆርጦ ለሽቦ መኪናው ጎማ ያደርገዋል። ከፍ ያለው ያረጀ ጎማ በዱላ እየነዳ ያስሮጣል። ከእሱም ከፍ ያለው ጣውላ፣ ዘንግና መንኮራኩር አገናኝቶ የሚቀመጥበት ጋሪ ይሠራል። ጋራዥ በቀረበበት ከተማ የእንጨቱን መንኮራኩር አሮጌ ኩሽኔታ ይተካዋል። ኩሽኔታ ፈጣን ነው፤ አስፋልት ላይ የሚያሰማው ጩኸትም የልጅ ልብ ያሞቃል። እኔ ግን የእንጨቱን አስበልጣለሁ። ኩሽኔታው ውስጥ ያለውን ጥበብ ፋብሪካ ጨርሶ ልኮታል። የእንጨቱን ጥበብ ልጁ ራሱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሊደርስበት ግድ ነው።

እንጨቱን እንይ። ለመንኮራኩር ቀላሉ መንገድ ክብ የሆነውን የባሕር ዛፍ ግንድ በመጋዝ እንደ ሙልሙል ዳቦ ቆርጦ መውሰድ ይመስላል። ክብነቱን ዛፉ ሰጥቶታል፤ የቀረው መብሳት ብቻ ነው። ግን ይህ መንኮራኩር ብዙ አይቆይም። እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው ይበልጣል፤ ስለዚህ ቁራጩ ከዳር እስከ መሐል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ዘንጉ ይላቀቃል፣ ጋሪው ያበቃለታል። አንድ ጊዜ ይህ የደረሰበት ልጅ ሁለተኛውን መንኮራኩር ከግንድ አይቆርጥም። በርና ሳጥን ከሚሠሩበት ከዋንዛ ጣውላ ትራፊ ይለምናል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለቢላዋ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይከዳም። ለዘንጉ ደግሞ ጠንካራውን ወይራ ይመርጣል። መንኮራኩሩ ለስላሳ፣ ዘንጉ ጠንካራ ሲሆን የሚበላው መንኮራኩሩ ነው፤ መንኮራኩር ደግሞ ሊለወጥ ይችላል። ይህን ምርጫ ያስተማረው መጽሐፍ የለም። የተሰነጠቀው ግንድ ነው ያስተማረው።

አሁን ክቡ። ሳህን ደፍቶ በዙሪያው በከሰል የሚያሰምር ልጅ ጥሩ ክብ ያገኛል፤ መሐሉ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። ሚስማር መትቶ፣ ክር አስሮ፣ በክሩ ጫፍ ከሰል ይዞ የሚዞር ልጅ ግን መሐሉን ከክቡ አስቀድሞ ይዞታል። ሁለቱ ልጆች የሚያወጡት መስመር አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በሳህን የጀመረውም መውጫ አለው፦ ያንኑ ክብ በወረቀት ላይ ያወጣል፣ ይቆርጠዋል፣ ሁለት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ እኩል ያጥፈዋል፤ እጥፋቶቹ የተሻገሩበት ነጥብ መሐሉ ነው። እዚህ ላይ ጂኦሜትሪ የሚባለው ትምህርት ስሙ ሳይነሳ ገብቶ ተቀምጧል።

መብሻው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካኝ ነው። መሮ ቢመታበት ጣውላው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ብረት በእሳት ይግላል፤ ጫፉ ሲቀላ ምልክቱ ላይ ይቀመጣል፣ ይጨሳል፣ ጥቂት ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይግላል። ይህ አዋቂ አጠገብ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ብረቱን የሚይዘው ታላቅ ወንድም ወይም አባት ነው። ግን ትዕግሥቱን ትንሹም ያየዋል። የጋለ ብረት እንጨቱን ትንሽ በትንሽ ስለሚበላው ቀዳዳው ከሚፈለገው በላይ ሳይሰፋ ማቆም ይቻላል። የከሰለው የቀዳዳው ግድግዳም ሲታሽ ይለሰልሳል። ዘንጉ ገብቶ ሲሞከር፣ በመካከላቸው ገለባ የሚያሳልፍ ክፍተት ከቀረ በቂ ነው። ከዚያ ከጠበበ ይነክሳል፤ ከሰፋ መንኮራኩሩ እየተንገዳገደ መንገድ ይስታል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። መንኮራኩሩን በዘንጉ ላይ ሰክቶ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በጣት ማሽከርከርና እስኪቆም መጠበቅ። አንድ ጎኑ የከበደ መንኮራኩር ሊቆም ሲል ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በመጨረሻም ያንኑ ጎኑን ወደ ታች አዙሮ ያርፋል። አሥር ጊዜ ቢያሽከረክሩት አሥር ጊዜ ያው ጎን ነው። ሚዛኑ የተስተካከለው ግን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይቆማል። ልጁ በከበደው ጎን ላይ በከሰል ምልክት ያደርግና በቢላዋ ስስ ስስ አድርጎ ይልጠዋል፤ ያሽከረክራል፤ ይልጣል። የመሬትን ስበት እንዲህ በጣቱ ይዞ ያረመ ልጅ፣ አንድ ቀን መምህሩ «ስበት» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ሲጽፍለት አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ቅባቱም የራሱ ዕውቀት አለው። ጋራዥ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት መጀመሪያ ላይ ጋሪውን እንደ ልብ ያስኬደዋል። በበጋ ግን የመንገዱ አቧራ ከዘይቱ ጋር ይለወስና አሸዋ ያለበት ጭቃ ይሆናል፤ ያም ዘንጉን ይፍቃል። ደረቅ የሳሙና ቁራጭ ዘንጉ ላይ ያሸ ልጅ መነሻው ላይ ቢቀደምም አቧራው እንደ ዘይቱ አይጣበቅበትም። ዘንጉን ቀጭን፣ መንኮራኩሩን ሰፊ ማድረግም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ብልሃት ነው። ፍትጊያው ያለው ዘንጉ ላይ ነው፤ ጋሪውን የሚይዘው ግን መሬት ላይ በሚሰማው መጠን ነው። መንኮራኩሩ ከዘንጉ አሥር እጥፍ ቢሰፋ፣ ያ የዘንግ ፍትጊያ መሬት ላይ ሲደርስ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የፈረስ ጋሪ መንኮራኩር ትልቅ፣ ዘንጉ ቀጭን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ልጁ ይህን ያየው ገበያ ቀን ነው።

ለእንጨቱ የተጨነቀው ልጁ ብቻ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ላይደን ላይ ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እንቅስቃሴ የተማረበትን መሣሪያ ሲገልጽ የሚጀምረው ከእንጨት ሥራው ነው። 12 ክንድ ገደማ የሚረዝም ጣውላ፤ በጠርዙ ላይ ከጣት ጥቂት ሰፋ ያለ፣ እጅግ ቀጥ ያለና የተወለወለ ቦይ፤ በቦዩ ውስጥ የተለበጠ በጣም ለስላሳ ብራና፤ በብራናው ላይ የሚንከባለል ጠንካራ፣ ፍጹም ክብ የነሐስ ኳስ። የጣውላውን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ ኳሱን ለቀቀው፤ ጊዜውን ከቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውሃ እየመዘነ ለካ፤ አንድ መቶ ጊዜ እንደ ደጋገመውም ጽፏል። ብራና ሲፋቅ ያየ ኢትዮጵያዊ ጋሊልዮ ያን ልስላሴ ለምን እንደፈለገ ወዲያው ይገባዋል። ፍትጊያውን ካላሳነሰው ስበቱን ብቻውን ሊያየው አይችልም ነበር። ትልቁ ግኝት፣ ማለትም የሚወርድ ነገር በየእኩል ጊዜው የሚሄደው ርቀት እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እየጨመረ መምጣቱ፣ የወጣው ከአንድ በደንብ ከተላገ ቦይ ነው።

ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ ማሳየት ይቻላል? በቁጥር አይቻልም፤ በዓይን ግን ይቻላል። መምህሩ የሚያስፈልገው አንድ ጋሪና አንድ ሃይላንድ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙሱን ታች በመርፌ ወግቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ከጋሪው ኋላ ያስረዋል። ጠብታው በእኩል ጊዜ ይወርዳል ማለት ይቻላል። ጋሪው ከዳገቱ አፋፍ ሲለቀቅ፣ ደረቁ አፈር ላይ የጠብታዎቹ ነጥቦች መጀመሪያ ተጠጋግተው፣ ከዚያ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ልጆቹ በስንዝር፣ ከዚያ በክንድ፣ ከዚያ በእርምጃ ይለኳቸዋል። ፍጥነት መጨመር በመሬት ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ ፀሐይ እስክታደርቀው ድረስ ማንም ልጅ ሊሳሳተው አይችልም።

እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት የእጅ ሥራ ይጀመራል፤ የመምህሩ። ስለ እሱም እንደ መንኮራኩሩ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል።

ልጆች ስለ እንቅስቃሴ ይዘውት የሚመጡት ሐሳብ በዓለም ሁሉ ይመሳሰላል። የተገፋ ነገር የሚቆመው «ጉልበቱ ስላለቀ» ነው ይላሉ፤ የሰጡት ግፊት ጋሪው ውስጥ ገብቶ፣ እየተበላ፣ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ይህን «ስህተት ነው» ብሎ መንገር ከንቱ ነው። «ኃይል ማለት መግፋት ወይም መጎተት ነው» ብሎ በዜማ ማስባልም ልጁን ከሐሳቡ አያንቀሳቅሰውም፤ ዜማውን ይይዛል፣ ሐሳቡንም አይለቅም። ጥሩ መምህር ጋሪው ላይ አንድ ልጅ አስቀምጦ ከዳገቱ ላይ ችካል ከተተከለበት ቦታ ይለቀዋል። ከዳገቱ ሥር መጀመሪያ ሣር ላይ እንዲሮጥ ያደርጋል፤ የቆመበትን ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ ያንኑ ጋሪ፣ ከዚያው ችካል፣ ያንኑ ልጅ አስቀምጦ፣ ልፍስፍስ አቧራ ወዳለበት ይመራዋል። ቀጥሎ በእግር ወደ ተደለደለው ጠንካራ መሬት። ሦስት ምልክቶች፣ ሦስት የተለያዩ ርቀቶች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ሦስቱም ጊዜ የተነሣነው ከአንድ ችካል ነው፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?»

የጥያቄውን ቅርጽ ልብ በሉ። ችካሉ አልተለወጠም፤ ጋሪው አልተለወጠም፤ ልጁ አልተለወጠም። መምህሩ የለወጠው አንዱን፣ መሬቱን፣ ብቻ ነው። ልጆቹ ወደ መሬቱ ከማየት በቀር መንገድ የላቸውም። ሣሩን ይዳብሱታል፣ አቧራው ውስጥ መንኮራኩሩ የቆፈረውን ፈለግ ያያሉ፤ ጋሪውን የሚያስቆም አንድ ነገር ከውጭ እንዳለ እጃቸው ይነግራቸዋል። በጥያቄ በኩል መሐሉን ያገኘ ቀዳዳ ማለት ይህ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ መምህር፣ ለምሳሌ ከሌላ ቦታ ሌላ ልጅ ያስነሳ፣ ትምህርቱ እንደ ጎደሎ መንኮራኩር ያንገጫግጨዋል።

የሚቀጥለው ብልሃት ዝምታ ነው። ከጥያቄው በኋላ መምህሩ ዝም ሊል ይገባዋል። ልጆች መጀመሪያ ይገምታሉ፣ ግምታቸውን ጠጠር አስቀምጠው ያሳያሉ፣ ከዚያ ጋሪው ይለቀቃል። ጠጠሩን ያስቀመጠ ልጅ ውጤቱን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው፤ ምክንያቱም የራሱ ቃል መሬት ላይ ተቀምጧል። ስሙ፣ ማለትም ፍትጊያ፣ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ያም ልጁ ቀድሞ ላገኘው ነገር የሚሰጥ ስም ነው።

ሀዲያ ውስጥ ይህን ለማስተማር ከዳገትም ሌላ ትልቅ መማሪያ አለ፤ የእንሰት ጓሮው። እንሰት የምትፍቅ እናት የተንጋለለ ጣውላ ግንድ ላይ አስደግፋ፣ የእንሰቱን ልባስ አጋድማበት፣ በእግሯ ጫፉን ረግጣ ይዛ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ጣውላው ማዘንበሉ የክንዷን ግፊትና የሰውነቷን ክብደት በአንድ አቅጣጫ እንዲሠሩ ያደርጋል። እግሯ የሚይዘው ልባሱ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ነው፤ የቀርከሃው ጠርዝ ስለት ቢኖረው ቃጫውን ይቆርጠዋል፣ ቢደነዝ ደግሞ ሥጋውን አያወጣውም፤ ስለዚህ ልክ በልክ መሆን አለበት። የሚወርደው ለቆጮ ይሆናል፤ የሚቀረው ቃጫ ታጥቦ ገመድ ይሆናል። ስበት፣ ፍትጊያ፣ ማዘንበል፣ መያዝ፣ ሁሉም በአንድ ሥራ ላይ ተገናኝተዋል። አንዲት መምህርት ልጆቿን ይዛ አንዲት እናት ዘንድ ሄዳ፣ «እግሯን ብታነሳ ምን ይሆናል? ጣውላው ቀጥ ብሎ ቢቆምስ? ቢጋደምስ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ያችን እናት የፊዚክስ መምህር አደረገቻት ማለት ነው፤ ይህም ሐቅ ነው። ጋሪ መሥራት የወንዶች፣ እንሰት መፋቅ የሴቶች ሆኖ በቆየበት አካባቢ ሴቶቹን ልጆች ጋሪው ላይ፣ ወንዶቹን ጣውላው ፊት ማስቀመጥም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

በሚዳሰስ ነገር ማስተማር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ውስጥ የሕፃናት መጫወቻና ማስተማሪያ ሥራውን ሲጀምር፣ ለሕፃን የሚሰጠው የመጀመሪያ ነገር ከሱፍ ክር የተሠራ፣ በገመድ የሚንጠለጠል ኳስ እንዲሆን አደረገ። ሁለተኛው የእንጨት ሉል፣ ሲሊንደርና ኪዩብ ነው፤ በክር ተሰቅለው ሲሽከረከሩ ኪዩቡ ሲሊንደር መስሎ ይታያል። እነዚያን እንጨቶች የላጉ እጆች ያሰቡበት ሥራ በጣም ያምራል። ግን ይህን እያሰብኩ የካልሲ ኳሳችንንም አስባለሁ። ጨርቁ እንዴት እንደተጠቀለለ፣ ማሰሪያው በየት በኩል እንደዞረ፣ ለምን አንዱ ኳስ እንደሚነጥርና ሌላው እንደሚሞት። ያንን የሠራ ልጅ ፍሮቤል ሊሰጠው ያሰበውን ከፊሉን ራሱ ሠርቶ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ከመመሪያ ውጭ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ለመዋዕለ ሕፃናትና ለኦ ክላስ መንገድ ጠርጓል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስለሚማሩ፣ የሞርሲቶ ልጅ የአካባቢ ሳይንስን በሀዲይኛ፣ የዱራሜው ልጅ በከምባትኛ ይማራል። አካባቢውን በራሱ ቋንቋ የሚማር ልጅ ታዲያ ከክፍሉ ወጥቶ አካባቢውን ሊነካው ይገባል። ሆሳዕና ላይ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ሌሎቹም፣ ለዕጩ መምህራን አንድ ነገር ቢጨምሩ ደስ ይለኛል፦ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ከማስተማራቸው በፊት አንድ መንኮራኩር በእጃቸው ይሥሩ፤ ያሽከርክሩት፤ ከባዱን ጎን ይላጡት። መንኮራኩር ያስተካከለ መምህር የልጅ ጥያቄ አያስደነግጠውም።

የልጅ ጥያቄ ደግሞ ይመጣል። በጋሪ ትምህርት ላይ የማይቀረው ክርክር «ከባዱ ልጅ ይቀድማል ወይስ ቀላሉ?» የሚለው ነው። መልሱ ቀጥተኛ ስላልሆነ እወደዋለሁ። ስበት ከባዱን ይበልጥ ይጎትተዋል፤ ከባዱን ማንቀሳቀስም በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ሁለቱ ይካካሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ አንድ ላይ ሲለቅ አንድ ላይ ወደቁ። ሞርሲቶ ላይ ግን አየር አለ፣ መንኮራኩሩም ለመሽከርከር የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጠንካራ መሬት ላይ ከባዱ ልጅ በጥቂቱ ሊቀድም ይችላል። አቧራ ላይ ደግሞ የከባዱ መንኮራኩር ይበልጥ ይሰምጥና ቀላሉ ሊያልፈው ይችላል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲያዩ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ «ገፍቶታል!»፣ «ተደግፏል!» ይባባላሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ «እንግዲያው ልጅ አናስቀምጥ፤ ድንጋይ እንጫን፣ አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት» ካለች፣ መምህሩ ምንም አይጨምር። ድንጋይ በመልቀም ይርዳቸው።